ከመቀስ በፊት፦ ስድስት ያርድ የሰም ኅትመት ጨርቅ በምዕራብ አፍሪካ ልብስ ሰፊ እጅ

መግቢያ

በናይጄሪያ «አንካራ»፣ በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ምዕራብ አፍሪካ «ዋክስ» ወይም «ፓኝ»፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ «ኪቴንጌ» እየተባለ የሚታወቀው ደማቅ ባለሥዕል የጥጥ ጨርቅ በጥናት ረገድ ችላ የተባለ ነገር አይደለም። ስለ እርሱ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ይሁንና ከተጻፈው አብዛኛው በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። የመጀመሪያው የትውልድ ጥያቄ ነው፤ ንድፉ ከጃቫ የተወረሰ፣ በሆላንድ የታተመ፣ በአውሮፓ ነጋዴዎች የተጫነ ጨርቅ እንዴት «አፍሪካዊ» ሊባል ይችላል? ሠዓሊው ዪንካ ሾኒባሬ ጨርቁን ከለንደኑ ብሪክስተን ገበያ እየገዛ የቪክቶሪያ ዘመን አልባሳት የሚያሰፋበት ይህንኑ ጥያቄ ለመቆስቆስ ነው። ሁለተኛው የንግድ ጥያቄ ነው። በዚህ ረገድ ኒና ሲልቫኑስ በ2016 ያሳተመችው የቶጎ ጥናት የሎሜ ሴት ነጋዴዎች ጨርቁን እንዴት እንደተቆጣጠሩትና ቁጥጥሩ ከእጃቸው እንዴት እንደወጣ በሰፊው ይተነትናል።

በሁለቱም አቅጣጫ የሚደረገው ጥናት አንድ የጋራ ባሕርይ አለው። ጨርቁ ከነጋዴዋ መደርደሪያ ወርዶ በገዢዋ ክንድ ላይ ሲያርፍ ታሪኩ ያለቀ ያህል ይቆጠራል። ነገር ግን ስድስት ያርድ ጨርቅ ገና ልብስ አይደለም። ከገበያው እስከ ገላ ባለው መንገድ መካከል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጠመኔ፣ አንድ መቀስ አለ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የጨርቁ ባለቤትነት ጥያቄ በፋብሪካው ወይም በወደቡ ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ ምን ያህሉ እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህሉ ሳይቆረጥ እንደሚቀርና ሥዕሉ በገላ ላይ የት እንደሚያርፍ በሚወስነው ልብስ ሰፊ እጅም ይመለሳል። ይህ ውሳኔ ደግሞ በጨርቁ ቁሳዊ ባሕርያት ላይ ስለሚመሠረት ባሕርያቱ ሲለወጡ ሙያው አብሮ ይናጋል።

ጽሑፉ የመስክ ጥናት ውጤት አይደለም። መሠረቱ የጨርቁ አሠራር፣ በገበያ የታወቀው የአሸጣጥ ልኬትና አንድ የቅድ ስሌት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨርቁ ለሰፊው የሚሰጠው

«ሰም» የሚለው ቃል የአማርኛ አንባቢን ወደ ቅኔ ሊወስደው ይችል ይሆናል፤ እዚህ ግን በፋብሪካው ሰም እንኳ የለም። በጃቫ በእጅ በሚሠራው ባቲክ ላይ ጨርቁን ከቀለም የሚከልለው በእርግጥ ሰም ነው። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ሥራውን ወደ ማሽን ሲያዛውሩ በሰሙ ፋንታ የዛፍ ሙጫ ተኩ። በሃርለም የነበረው የፕሬቪኔር ፋብሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሙጫውን በጨርቁ ሁለት ገጾች የሚያትም ማሽን ሥራ ላይ አዋለ። በ1846 በሄልሞንድ የተቋቋመውና ዛሬ ቭሊስኮ የሚባለው ድርጅትም በኋላ በዚሁ የአሠራር ፈለግ ስሙን ተከለ። ሙጫው ደርቆ ጨርቁ ሲጨማደድ ይሰነጠቃል፤ ጨርቁ ወደ ኢንዲጎው ገንዳ ሲገባም ቀለሙ በስንጥቁ ዘልቆ እንደ ደም ሥር የቀጠኑ መስመሮችን ይተዋል። የጃቫ ገዢዎች ይህንን እንደ እንከን ቆጠሩት። የምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ገዢዎች ግን ወደዱት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከግላስጎው ወደ ጎልድ ኮስት ጨርቅ ይልክ የነበረው ኤቤኔዘር ብራውን ፍሌሚንግ ገበያውን ካደላደሉት ነጋዴዎች አንዱ ነበር። ከኤልሚና ተመልምለው በደች ኢስት ኢንዲስ ያገለገሉ አፍሪካውያን ወታደሮች ባቲኩን ይዘው ስለተመለሱ ፍላጎቱ ተፈጠረ የሚለው ትረካም በየጽሑፉ ይደገማል። ትረካው ማራኪ ቢሆንም ይህን የሚያህል ገበያ በጥቂት የወታደር ሻንጣዎች ይብራራል ብዬ አላምንም።

ከዚህ አሠራር ውስጥ ለልብስ ሰፊው ቁም ነገር የሚሆኑት ጥቂት ባሕርያት ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ጨርቁ ሁለት ገጽ ያለው መሆኑ ነው። ሙጫውም ቀለሙም በሁለቱም በኩል ስለሚያርፉ «ፊት» እና «ጀርባ» የሚባል ነገር የለም። ይህ ለተመልካች ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለቆራጭ ግን ትልቅ ነጻነት ነው። በጋና «ገንዘብ ክንፍ አለው» የሚል ትርጉም ባለው ስም የሚታወቀውን ባለወፍ ንድፍ እንውሰድ። ወፎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይበርራሉ እንበል። በአንድ ገጽ ብቻ በታተመ ጨርቅ ከደረቱ መሐል ተከፍቶ የሚቆለፍ ሸሚዝ ቢሰፋ የቀኙም የግራውም ወፍ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። በሁለት ገጽ ጨርቅ ግን አንደኛው ቁራጭ ተገልብጦ ስለሚሰፋ ወፎቹ በደረቱ መሐል ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ፋብሪካው ያላተመውን መተያየት ሰፊው ፈጠረው ማለት ነው።

ሌላው የኅትመቱ አለመመጣጠን ነው። ከኢንዲጎው በኋላ የሚጨመሩት ቀለሞች በሥዕሉ ወሰን ላይ በትክክል አይገጥሙም፤ ስንጥቆቹም ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። በዚህ ምክንያት አንዱ ክብ ከሌላው ክብ ጋር ፍጹም አንድ አይሆንም፤ ሰፊው ሥዕል ከሥዕል የሚያጋጥመው በዓይን ግምት ከመሐል ወደ ዳር እየሄደ ነው። ጨርቁ ደግሞ ጠቅጠቅ ብሎ የተሸመነ ጥጥ ነው፤ አይለጠጥም። ስለዚህ የገላ ቅርጽ የሚወጣው ጨርቁ በመሳቡ ሳይሆን በወገብና በደረት በሚያዙ ስፌቶች፣ በገበርና በውስጥ በሚለጠፍ ማጠንከሪያ ጨርቅ ነው። የአዲስ ጨርቅ ማድረቂያ ቅባትና ጥጡ ራሱ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚለወጡ ልማዱን የሚያውቅ ሰፊ ሳያጥብ አይቆርጥም፤ ለበዓል የሚሰፋና አዲስነቱ እንዲታይ የሚፈለግ ካልሆነ በቀር።

ያርድ፣ ፓኝና ሣጥን

ጨርቁ የሚሸጥበት ልኬት የራሱ ሥርዓት አለው። ሙሉው ጥቅል 12 ያርድ፣ ግማሹ 6 ያርድ፣ መሠረታዊው አሐድ ደግሞ 2 ያርድ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ «ፓኝ» የሚሉት በመሠረቱ ይህንን የ2 ያርድ ቁራጭ ነው፤ ርዝመቱ 183 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወርዱ ብዙውን ጊዜ ወደ 120 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አንድ ፓኝ ሳይቆረጥ በወገብ ላይ ይጠመጠማል፤ ሕፃን ይታዘልበታል፤ ትከሻ ላይ ይጣላል። ስለዚህ 6 ያርድ ማለት ሦስት ፓኝ ነው፤ በሦስት መከፈሉ በሚሰፋው ልብስ ውስጥ ሁሉ ይታያል።

ያልተቆረጠ ጨርቅ ሀብት ነው። በጋና፣ በቶጎ፣ በኮት ዲቯርና በአካባቢያቸው ሴቶች ጨርቁን በሣጥን ያኖራሉ፤ ለጋብቻ ይሰጣል፤ ከእናት ወደ ልጅ ይወረሳል። ለዚህ የሚረዳው አንድ ነገር ንድፎቹ በየዓመቱ የሚያልፉ አለመሆናቸው ነው። ታዋቂዎቹ ንድፎች ለአሥርት ዓመታት ተደጋግመው ይታተማሉ፤ ስም አላቸው፤ ስሙን ያወጡላቸው በአብዛኛው ሻጮችና ገዢዎች ናቸው። «ባሌ ይችላል»፣ «የጣውንቴ ዓይን»፣ «ከወጣህ እወጣለሁ» የሚሉትን የኮት ዲቯርና የአካባቢው ስሞች ማንሳት ይበቃል። ስም ያለው፣ ያልተቆረጠ፣ አምራቹ በዳርና ዳር ጠርዙ ላይ የተጻፈበት ጨርቅ በሌላ ሰው እጅ ቢገባም ዋጋው ይታወቃል።

በአንዲት ሴት ልክ ከተቆረጠ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዋጋው የሚታወቀው ለለባሿ ብቻ ይሆናል፤ ሊሸጥ፣ በስጦታ ሊተላለፍ፣ በሌላ መልክ ሊታጠፍ የሚችልበት ዕድል ይጠብባል። መቀሱ ሀብትን ወደ ልብስ ይለውጣል፤ ለውጡም አይመለስም። አንዲት ደንበኛ ጨርቋን ለሰፊ ስታስረክብ በልቧ የምትፈራው ነገር ስፌቱ መጣመሙ ብቻ አይመስለኝም።

የጋናው ባለሦስት ክፍል ልብስ ይህንን ፍርሃት በብልሃት ይዞታል። «ካባ» የሚባለው በልክ የተሰፋ አጭር ሸሚዝ (ከእኛው ካባ ጋር በድምፅ ብቻ ይገጥማል)፣ «ስሊት» የሚባለው ረጅም ጉርድና «አካታሶ» የሚባለው ያልተሰፋ መደረቢያ በአንድነት ከ6 ያርድ ይወጣሉ፤ ልማዳዊው ድርሻም ለእያንዳንዱ 2 ያርድ ነው። መደረቢያው ከጠርዙ መታጠፍ በቀር ምንም አይነካውም። እንግዲህ ከሀብቱ ሁለት ሦስተኛው ሲቆረጥ አንድ ሦስተኛው ሙሉ ሆኖ ይቀራል። የአውሮፓ ስፌትና የቆየው የመጠምጠም ባህል በአንድ ልብስ ላይ እንደተደራደሩ ይህ ክፍፍል በግልጽ ያሳያል። ሰፊው ታማኝነቱ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው፤ በቅድ ላይ የባከነ ጨርቅ ሁሉ ከሦስተኛው ፓኝ ይቀነሳልና።

የአንድ ጉርድ ቅድ

በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ሰፊዎች የወረቀት ቅድ አይጠቀሙም። ልክ ይወስዳሉ፤ ልኩን በደብተር ይጽፋሉ፤ ከዚያም በጠመኔ በቀጥታ በጨርቁ ላይ ይነድፋሉ። ይህ አሠራር ከውጭ ለሚመለከተው የሥልጠና ማነስ ይመስለዋል። ባለትልቅ ሥዕል ጨርቅን በተመለከተ ግን በሌላ ዓይን መታየት ይኖርበታል። የወረቀት ቅድ የሚያውቀው የገላን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ሥዕሉ የት እንዳለ አያውቅም። በጨርቁ ላይ በቀጥታ የሚነድፍ ሰው ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያያል። ነገሩን በስሌት ማሳየት ይቻላል፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ ቢሆኑም ከተለመደው ልኬት የራቁ አይደሉም።

ወርዱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ እንውሰድ። በላዩ ትልልቅ ክብ ጌጦች አሉ፤ በወርዱ በየ40፣ በርዝመቱ በየ45 ሴንቲ ሜትር ይደጋገማሉ። ስለዚህ በወርዱ ላይ ሦስት ክቦች ይቆማሉ፤ መሐላቸው ከግራው ጠርዝ በ20፣ በ60 እና በ100 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገኛል። የሚሰፋው ጉርድ ከነእጥፋቱ 105 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የፊቱም የኋላውም ክፍል ያለ ስፌት ትርፍ 52 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ በየስፌቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ስንጨምር እያንዳንዱ ክፍል 55 ይሆናል።

ለሥዕሉ ግድ የሌለው ቆራጭ ሁለቱን ክፍሎች ጎን ለጎን ይቆርጣል። ሁለት ጊዜ 55 ማለት 110 ነውና በወርዱ ይበቃል፤ የሚጠፋው ርዝመትም 105 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ውጤቱ ግን ክቦቹ ከፊት ከመሐል ወደ አንድ ጎን ያጋደሉበት፣ ለባሿ በቆመች ቁጥር ዘመም ያለች የምትመስልበት ጉርድ ነው። ሥዕሉን አክባሪ ግን ልምድ የሌለው ቆራጭ ደግሞ ሁለቱንም ክፍሎች በመሐለኛው ክብ ላይ ያስተካክላል። ይህም በ60 ሴንቲ ሜትሩ መስመር ላይ ብቻ ይሆናል፤ የ20ው ወይም የ100ው ክብ መሐል ቢደረግ ቅዱ ከጨርቁ ጠርዝ ያልፋል። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ከአንደኛው በታች ይቆረጣል። ረድፎቹ በጎን ስፌት ላይ እንዲገጥሙ ደግሞ ሁለተኛው ክፍል መጀመር የሚችለው ከሦስት ድግግሞሽ በኋላ፣ ማለትም ከ135 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ድምሩ 240 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለጉርዱ የተመደበው ፓኝ ግን 183 ብቻ ነበር። የጎደለው 57 ሴንቲ ሜትር ከሸሚዙ ወይም ከመደረቢያው መወሰዱ ነው።

ልምድ ያለው ሰፊ ሦስተኛ መንገድ አለው። የፊቱን ክፍል በመሐለኛው ክብ ላይ አስተካክሎ ከ32.5 እስከ 87.5 ሴንቲ ሜትር ባለው ቦታ ይቆርጣል። በግራና በቀኝ 32.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ዘንጎች ይቀራሉ። የኋላውን ክፍል ለሁለት ከፍሎ ከእነዚህ ያወጣዋል። የእያንዳንዱ ግማሽ የተጣራ ስፋት 26፣ ከነትርፉ 29 ሴንቲ ሜትር ነውና በዘንጉ ላይ ይገባል። የጨርቁ ሁለት ጠርዞች በጀርባ መሐል ሲገናኙ የሥዕሉ ድግግሞሽ በወርዱ ላይ ሦስት ጊዜ በሙሉ ስለሚያልቅ በስፌቱ የተዋጠው 3 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ሥዕሉ እንዳልተቋረጠ ሆኖ ይቀጥላል። ዚፑ የሚገባውም በዚያው ነው። ረድፎቹ ከአንድ ከፍታ ስለተቆረጡ በጎን ስፌት ላይ ያለ ጥረት ይገጥማሉ። የጠፋው ርዝመት 105 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ግድ የለሹ ቆራጭ ካጠፋው አንዲት ጣት አይበልጥም። ከፓኙ የተረፈው 78 ሴንቲ ሜትር ሙሉ ወርድ ያለው ጨርቅ ወደ ሸሚዙ ይሻገርና ጋናውያን የሚወዱት ሰፊና ባለብዙ እጥፍ እጅጌ ይወጣዋል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በዚህ ቅድ የኋላዎቹ ክቦች ከጀርባ መሐል በ18.5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ግራና ቀኝ ያርፋሉ፤ ረድፉ በዳሌ ላይ ከዋለ ለባሿ ከኋላዋ ሁለት ዒላማ ይዛ ትሄዳለች። ሰፊው ስለዚህ ጠመኔውን ከማንሳቱ በፊት ጨርቁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስቦ በሁለት ረድፎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ በዳሌው መስመር ላይ እንዲውል ያደርጋል። በሸሚዙ ደረት ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን መዘርዘር አያሻም።

በየዘንጉ ዳር ከቅዱ የተረፈው 3.5 ሴንቲ ሜትር ብዙ ጊዜ ተቆርጦ አይጣልም። ወደ ጎን ስፌቱ ውስጥ ይታጠፋል። የምዕራብ አፍሪካ ስፌት በሰፊ የስፌት ትርፉ የታወቀ ነው፤ ለባሿ ብትወፍር፣ ብትወልድ ወይም ልብሱ ለእኅቷ ቢተላለፍ ስፌቱ ተፈትቶ ይለቀቃል። በአንድ ልክ የታሰረው ጨርቅ ከጠፋበት የመተላለፍ ዕድል ጥቂቱ በዚህ መንገድ ይመለስለታል።

ከቅዱ የሚተርፈው

የሻሽ፣ የቦርሳ፣ የጸጉር መያዣ፣ የተለበጠ ቁልፍ፣ የጆሮ ጌጥና የመሳሰሉት ስፌት በፋሽን ጽሑፎች ራሱን የቻለ ፈጠራ ተደርጎ ይቀርባል። ከላይ ካለው ስሌት አንጻር ግን አብዛኛው የቅድ ልጅ ነው። ቁራጩ የሚወጣው ሥዕሉ በተከበረበት ቦታ ነው፤ ሥዕል ለማስተካከል የተተወው ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ክብ ወይም አንድ ሙሉ ወፍ ይዞ ይቀራል፤ ለትንሽ ቦርሳ ፊት ወይም ለጸጉር ማሰሪያ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ሰፊዎች ከዚሁ ጨርቅ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መስፋት የቻሉትም ጠቅጠቅ ያለው ጥጥ በእጃቸው ስለነበር ነው።

ቁራጩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሰፊና በደንበኛ መካከል የቆየ ጭቅጭቅ ነው፤ በእኛም አገር የማያውቀው የለም። ጉዳዩ ከስስት በላይ መሆኑ ግን ልብ ይባል። ጨርቁ ሀብት ከሆነ ቁራጩ የሀብት ፍርፋሪ ነው፤ ደንበኛዋ በራሷ ጨርቅ የተለበጠ ቦርሳ ከልብሷ ጋር ስትረከብ ሰፊው ሒሳቡን በይፋ አወራርዷል ማለት ነው።

ወርዱ ሲጠብ

ጥር 1994 የሲኤፍኤ ፍራንክ ከፈረንሳይ ፍራንክ አንጻር ዋጋው በግማሽ ሲቀነስ ከውጭ የሚገባው የሆላንድ ጨርቅ በአካባቢው ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጅግ ተወደደ። በጨርቁ ንግድ ከብረው መርሴዲስ በመንዳታቸው «ናና ቤንዝ» የሚል ስም ያተረፉት የሎሜ ነጋዴዎች የተንገዳገዱት ከዚያ ወዲህ ነው። በተከታዮቹ ዓመታት ገበያውን ከእስያ፣ በተለይም ከቻይና፣ የሚመጡ ቅጂዎች አጥለቀለቁት። ጋናና ኮት ዲቯር የራሳቸው የኅትመት ፋብሪካዎች ነበሯቸው፤ በቴማ፣ በአኮሶምቦና በአቢጃን የነበሩት ፋብሪካዎችም ፉክክሩ ከብዷቸዋል። በዚህ ዙሪያ የሚካሄደው ክርክር በአብዛኛው ስለ ንድፍ ስርቆትና ስለ ሥራ ማጣት ነው። ሁለቱም እውነተኛ ጉዳዮች ናቸው። በቆራጩ ጠረጴዛ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው።

ከላይ የተሰላውን ጉርድ መልሰን እንመልከት። የፊቱ ክፍል 55፣ የኋላው ሁለት ግማሾች በድምሩ 58፣ አንድ ላይ 113 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋሉ። የጨርቁ ወርድ 112 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ይህም በዓለም ገበያ ለጥጥ ጨርቅ በጣም የተለመደ ወርድ ነው፣ ቅዱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ይፈርሳል። የሥዕሉ ድግግሞሽ በወርዱ ላይ በሙሉ ካላለቀ ደግሞ ጠርዝና ጠርዝ በጀርባ መሐል ሲገናኙ ግማሽ ክብ ከሩብ ክብ ጋር ይጋጠማል። ጨርቁ በአንድ ገጽ ብቻ ከታተመ ወፎቹ ፊት ለፊት መተያየታቸው ይቀራል። ፖሊስተር ከሆነ በጋለ የብረት ካውያ ስፌቱን መተኮስ አይቻልም፤ የተቆረጠው ዳርም በቶሎ ይተረተራል፤ ለወደፊት የተተወው የስፌት ትርፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈታ የሚገኘው ክር ብቻ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ለገዢዋ ዓይን በገበያው ላይ አይታዩም። ቅጂው ከሩቅ ያው ነው።

ይህን ስል ርካሹን ጨርቅ ማውገዜ አይደለም። ስድስት ያርድ የሆላንድ ጨርቅ መግዛት የማትችል ተማሪ ወይም የጉልት ነጋዴ ለበዓል አዲስ ልብስ የለበሰችው በቅጂው ምክንያት ነው። ለማጅ ሰፊዎችም ቢሆኑ የሌላ ሰው ሀብት ላይ ከመለማመድ ርካሽ ጨርቅ ላይ ቢሳሳቱ ይሻላል። የምለው አንድ ነገር ነው። ጨርቁ ሁለት ገጽ፣ ሰፊ ወርድና የታመነ ጠርዝ ያለው ሆኖ ሳለ የዳበረ ሙያ፣ እነዚያ ሲጠፉ በእጅ ላይ ሥራ ፈት ይሆናል። ለሥዕሉ ግድ የሌለው ቆራጭና ልምድ ያለው ሰፊ በእንዲህ ዓይነቱ ጨርቅ ላይ የሚያወጡት ልብስ እየተቀራረበ ይሄዳል፤ የሚጠይቁት የእጅ ዋጋም እንዲሁ።

ለአገራችን ጥናት የሚኖረው አግባብነት

ኢትዮጵያ የዋክስ ጨርቅ ዋና ገበያ አይደለችም፤ የታተመ ጥጥንም «ቺት» እያልን በርካሽ ልብስነቱ ነው ያወቅነው። ይሁንና የቅድ ውሳኔ የት ላይ ይወሰናል የሚለው ጥያቄ ለሐበሻ ቀሚስም ይሠራል፤ መልሱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በእኛ ዘንድ ለአንገት፣ ለደረትና ለጠርዝ የሚሆነው ጥበብ ከሸማኔው ጋር አስቀድሞ ይታዘዛል፤ ርዝመቱና ቦታው ድሩ ሳይዘረጋ ይታወቃል። ጥለቱን አቋርጦ የሚቆርጥ ሰፊ ማጉን ስለሚፈታው መቀሱ በጥለቱ ዳር መቆም ግዴታው ነው። በምዕራብ አፍሪካ ከኅትመቱ በኋላ በቆራጩ የሚሰጠው ውሳኔ በእኛ ከሽመናው በፊት በሸማኔውና በአዛዡ ይሰጣል።

አሁን በገበያችን የሚታየው፣ ጥበብን በፖሊስተር ላይ አስመስሎ ያተመው ከውጭ የሚገባ ጨርቅ ይህንን ቅደም ተከተል ለውጦታል። ውሳኔው ከሸማኔው ወጥቶ በሜትር ከሚሸጠው ነጋዴ ጋር በሚነጋገረው ሰፊ እጅ ገብቷል። ሰፊዎቻችን ይህን አዲስ ነጻነት ምን እያደረጉበት እንደሆነ በሸማኔው ኪሳራ ላይ ብቻ ያተኮረ ጥናት አያሳየንም። ጥያቄውን ለማጥናት የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። በሽሮ ሜዳ አካባቢ በእጅ ከተሸመነና ከታተመ ጨርቅ የተሰፉ ቀሚሶችን ጎን ለጎን ዘርግቶ የጨርቁን ወርድ፣ የጥለቱን ድግግሞሽ፣ ጥለቱ በጎን ስፌት ላይ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚዛነፍና በስፌቱ ውስጥ የተተወውን ትርፍ መለካት ነው። አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ይበቃል።